ለኤም ኤስ ሕመምተኞች ማቀዝቀዣ ሰደርያ፦ የትኛው ገንዘቡን ያወጣል?

መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሙቀት አይስማማቸውም። ሕመሙ የአንጎልንና የህብለ ሰረሰርን ነርቮች ሽፋን ስለሚጎዳ፣ የውስጥ ሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ቢጨምር እንኳ መልእክት በተጎዳው ነርቭ በኩል ማለፍ ያቅተዋል። እግር ይጎተታል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ጉልበት ይከዳል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ዊልሄልም ኡትሆፍ ይህን እ.ኤ.አ. በ1890 ስለገለጸው እስካሁን በስሙ ይጠራል። የአንጎልን ምስል የሚያሳየው ኤም አር አይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች ኤም ኤስ የተጠረጠረበትን ሰው ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ምልክቱ ሲብስ ያዩ ነበር። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ምልክቱም ይቀንሳል፤ የማቀዝቀዣ ሰደርያ ሥራም ይኸው ነው። ሕመሙን አያክምም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ 84 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በአካሄድና በእይታ ላይ መጠነኛ መሻሻል አሳይቷል። መጠነኛ ይሁን እንጂ፣ ከቤት ወጥቶ ጉዳይን ጨርሶ በእግር መመለስ ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

በጣም ርካሹ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚለበሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ለጥቂት ደቂቃ ተነክሮ፣ ተጨምቆ ይለበሳል፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቀላል ነው፣ ፍሪዘር አይፈልግም፣ ለሰዓታት ይሠራል። ግን አየሩ ደረቅ መሆን አለበት። ሪያድ ወይም አዲስ አበባ በበጋ ያገለግላል፤ ጂዳ፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ በወበቅ ወቅት ግን ውሃው ስለማይተን እርጥብ ሸክም ብቻ ይሆናል። የዋሽንግተን ሐምሌም ከዚያው ወገን ነው። ሌላው ስሕተት ከላይ ጃኬት ወይም ጋቢ መደረብ ነው፤ አየር ካላገኘ አይተንም። ሳይደርቅ ታጥፎ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ሁልጊዜ ተንጠልጥሎ ይድረቅ።

ትንንሽ ቬንትሌተር የተገጠመለት ሰደርያ ማስታወቂያው ብዙ ነው፤ ለኤም ኤስ ግን አንመክረውም። የሚሠራው የለባሹን ላብ በማትነን ነው፣ ኤም ኤስ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ላባቸው ይቀንሳል። አየሩ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ደረቅ ቆዳ ላይ የሚነፋው ሙቅ አየር ነው።

ተራ የበረዶ ከረጢት የሚገባባቸው ኃይለኞች ናቸው፤ ችግሩ ኃይላቸው ነው። ከፍሪዘር የወጣ ከረጢት ከዜሮ በታች ነው። ቆዳው የደነዘዘ ሰው ብርዱ ሲያቃጥለው አይሰማውም፣ እግሩ የሚገተርበትም ግትርነቱ ሊብስበት ይችላል። ስሜቱ ለቀነሰ ሰው ይህን ዓይነት አትግዙ።

የእኛ ምርጫ በ14 ወይም በ15 ዲግሪ የሚቀልጥ፣ ሻጮች ፒሲኤም የሚሉት ሰም መሰል ነገር በከረጢት የተሞላለት ሰደርያ ነው። እየቀለጠ እያለ በዚያው ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆይ ቆዳን አያቃጥልም፤ በወበቅም በደረቅ አየርም ሥራው አይለወጥም። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያገለግላል፤ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ግን ያንሳል። በልብስ ሥር ስለሚሠራ፣ ረጅም ቅዳሴ ለሚያስቀድስ ሰው ከነጠላ ሥር ማንም ሳያየው ይለበሳል። ጉዳቱ ክብደቱ ነው፦ ከ2 ኪሎ በላይ የሚሆን አለ፣ ሚዛኑን መጠበቅ ለሚያቅተው ሰው ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት የከረጢቶቹን ክብደት ጠይቁ። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከ150 ዶላር በላይ ነው።

ከረጢቶቹን ለማጠንከር ብዙ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበቃል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሰዓታት ይፈጃል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የበረዶው ውሃ መንገድ ትልቅ ጥቅም ነው። ተጣጥፈው ከጠነከሩ ኪሱ ውስጥ አይገቡም፤ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሲነቀነቁ ውስጡ የሚንቦጫረቅ ከሆነ አልጨረሱም። ከፍሪዘር ከወጡ ለጥቂት ደቂቃ ውጭ ይቆዩ፣ አለዚያ መጀመሪያ ላይ ከ14 ዲግሪ በታች ናቸው። ሁለተኛ ስብስብ በአይስ ቦክስ መያዝ ረጅም ቀንን ያስችላል፤ ሁሉም ከቀለጠ በኋላ የሚቀረው ሸክም ብቻ ነው።

አለባበሱም ለውጥ ያመጣል። ከስስ ጥጥ ካናቴራ በላይ፣ ሰውነት ላይ የተጠጋ መሆን አለበት፤ ከላላ በመካከል ያለው አየር ቅዝቃዜውን ያግዳል። ሞቆ ከደከመ በኋላ ከመልበስ ይልቅ፣ ከመውጣት ወይም ከስፖርት ግማሽ ሰዓት በፊት መልበስ ይሻላል። ጣቱ የሚደነዝዝበት ሰው በትንሽ ዚፕ ይቸገራል፤ ትልቅ ቀለበት ያለው ዚፕ ወይም ሰፊ ቬልክሮ ፈልጉ። ዊልቸር ላይ ለሚቀመጥ ሰው የጀርባው ከረጢት ከመደገፊያው ጋር ሲጫን ቆዳ ይጎዳል፤ ከረጢቶቹ ወደ ፊት የሚዛወሩበትን ምረጡ፣ ቆዳውንም በየጊዜው እዩ።

በረዶ ውሃ በቱቦ የሚያዞረው ባለ ፓምፕ ሰደርያ ከሁሉም ይበልጥ ያቀዘቅዛል፤ ውድ፣ ከባድና ባትሪ ጠባቂ ስለሆነ ግን ከቤት ውስጥ ስፖርት ውጭ አይመችም።

አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ፦ ኤም ኤስ ኤ ኤ የሚባለው የአሜሪካ መልቲፕል ስክለሮሲስ ማኅበር ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን ለማይበልጥ ሕመምተኞች ማቀዝቀዣ ልብስ በነጻ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ አመልክቱ።

ከተቀዘቀዘ በኋላም ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ አዲስ ምልክት ግን የሙቀት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። አዲስ የሕመሙ መነሣት ወይም የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።