ለደቻቱ ጥናቴ ለደረሱልኝ ባለ ባጃጅ ምስጋና፣ ለተመራቂዎችም ጥቆማ

በአካባቢ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሁፌን በዚህ ሳምንት ፈታኞች ፊት አቅርቤ «እጅግ በጣም ጥሩ» በሚል ውጤት አልፌአለሁ። አማካሪዬን፣ ቤተሰቦቼንና የክፍል ጓደኞቼን በጽሁፉ መጀመሪያ ገጽ ላይ እንደ ወጉ አመስግኛለሁ። አንድ ሰው ግን ለብቻቸው፣ በአደባባይ መመስገን አለባቸው፤ ሥራቸውን ከኋላዬ የሚመጡ ተማሪዎችም ሊያውቁላቸው ይገባል። እኚህ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ እየነዱ የሚተዳደሩ፣ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ሶማልኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ አባት ናቸው። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ እዚህም አፌ እንደለመደው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጥናቴ ስለ ደቻቱ ነው። ድሬዳዋን ለማያውቅ፣ ደቻቱ «ከዚራ» እና «መጋላ» የሚባሉትን ሰፈሮች ለያይቶ በከተማዋ መካከል የሚያልፍ ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን በስተደቡብ ያለው የደንገጎ ተራራ ከ2000 ሜትር ይበልጣል። ቁልቁለቱ በአጭር ርቀት ውስጥ ያለ በመሆኑ፣ ዛፉና ሣሩ በሳሳ ዳገት ላይ የወረደ ዶፍ ወደ መሬት ለመስረግ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ድሬዳዋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ ደቻቱ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሎ ሺዎችን ቤት አልባ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ በአቅራቢያው የሚኖረው ሰው ግን ደመና በደንገጎ በኩል ሲጠቁር ዛሬም እንቅልፍ አይወስደውም።

እኔ ማወቅ የፈለግሁት ያን ሌሊት ውሃው በየቤቱ እስከ የት እንደደረሰ፣ ሰዎቹ ቀድመው የሰሙት ነገር እንደነበረና ዛሬ ጎርፍ ቢመጣ ከማን እንደሚሰሙ ነበር። መልሱ ያለው በሰዎቹ ዘንድ ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ ሐዘናቸውን የሚናገሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። መጠይቁን በሞከርኩበት ሰሞን ሌላ ሰው አስተርጉሞልኝ ነበር። አንዲት እናት እጃቸውን እያወናጨፉ ረጅም ታሪክ ይነግሩታል፣ ወደ እኔ የሚመጣው ግን «ምንም አልሰሙም» የሚል አጭር ቃል ብቻ ነበር። አንዳንዴም ሰዎቹ ሳይመልሱ እሱ ይመልስላቸዋል። በዚህ ዓይነት የተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመርኩዞ ስለ ሰው ሕይወት መደምደሚያ መስጠት አልችልም ነበር።

ጋሼን ያገናኘችኝ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ሥራው በሚጀመርበት ዋዜማ መጠይቁን ተቀብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ምን ለማግኘት እንደምፈልግም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የጠየቁት ያንኑ ብቻ ነው። አንድም ነገር አይጨምሩም፤ ሰው ዝም ሲል ዝምታውን ይጠብቃሉ። ጎረቤት መጥቶ በመካከል ሲመልስ፣ «የእርስዎንም ተራ ሲደርስ እንሰማለን» ብለው በፈገግታ ያሰናብቱታል። መልሱ ረጅም ከሆነ በየመካከሉ ቆም እያስደረጉ ሁሉንም ይነግሩኛል፤ ያልገባቸውን ደግመው ይጠይቃሉ እንጂ በግምት አይሞሉም።

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ የውሃውን ከፍታ የለካንበት መንገድ ነው። በመጀመሪያው ቤት አንድ አዛውንት ግድግዳው ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው «እስከዚህ» አሉን። ሜትሩን ከመሬት ልዘረጋ ጎንበስ ስል ጋሼ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ይህ ኮብልስቶን ያኔ አልነበረም፤ መንገዱ ከፍ ብሏል» አሉኝ። ከዚያም አዛውንቱን ይቅርታ ጠይቀው ወደ ውስጥ ገቡና የድሮውን የበር ደፍ አሳዩኝ። ደፉ ያልተነካ ነበር፤ አሁን ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከዚያ ቤት ጀምሮ ሁሉንም የለካነው ከደፉ ነው። ደፉ የተቀየረ ከሆነ ያንን ቤት ከልኬቱ አስወጥተን ታሪኩን ብቻ ወሰድን። አዛውንቱ ያሳዩትን ምልክትም ልጃቸው በሌለችበት እንጂ አብራ እያየች አላስለካንም፤ እሷ ስትመጣ ለብቻዋ ጠየቅናትና ሁለቱን አስተያየን። ይህንን ያሰቡት ጋሼ ናቸው። በወንዙ ዳር ያደገ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ለጥናቴ ሰጡኝ፣ ፈታኞቼም ስለ ልኬቱ ለረጅም ጊዜ የጠየቁኝና በመጨረሻ የተስማሙበት ክፍል ይኸው ነው።

ሌላም መናገር ያለብኝ አለ። አንዲት እናት ጥሩ ሲናገሩ ቆይተው ስለ ልጆቻቸው ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። የፈቃድ ቅጹ ተጠያቂው በፈለገ ጊዜ ማቆም እንደሚችል ይገልጻል፤ ጋሼም መጀመሪያ ላይ በሚገባ አንብበውላቸው ነበር። አሁን ግን ማንም እስኪያስታውሳቸው አልጠበቁም። «እማማ፣ ይበቃናል፤ ዛሬ ለጥያቄ ሳይሆን ለሰላምታ እንደመጣን ይቁጠሩት» አሏቸው። ወረቀቱን አጠፍኩ፣ ያቀረቡልንን ሻይ ጠጥተን ወጣን። ያ መጠይቅ በጥናቴ ውስጥ አልተቆጠረም፤ መቆጠርም አልነበረበትም። ለመረጃ ብሎ የሰውን ቁስል የሚነካካ አስተርጓሚ ያጋጠመው ተማሪ ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል።

የድሬን ሙቀትና የድሬን ሰው ጠባይም ያውቃሉ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ ከዚያም ከአሥር ሰዓት በኋላ እንሠራ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ሰው ያርፋል፣ ጫት የሚቅምም ይቅማል፤ በዚያ ሰዓት በር አናንኳኳም። ሴቶቹን ቀፊራ ገበያ ሄደው ከተመለሱ በኋላ፣ ምሳ ሳይጥዱ እናገኛቸዋለን። እኔ ብቻዬን ብሆን በባዶ ቤት ደጃፍ ስንት ጊዜ እቆም ነበር!

የወንዙን የላይኛውን ተፋሰስ ለማየት ደንገጎ መውጣት ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ክፍያውን አስቦ «እንሄዳለን» ይል ነበር። ጋሼ ግን ባጃጃቸው ለዚያ አቀበት እንደማይሆን በግልጽ ነገሩኝ፣ ወደ ሐረር የሚሄድ ሚኒባስ ተራ ድረስ ወሰዱኝና ለረዳቱ «ደንገጎ ላይ አውርዳት» ብለው አደራ ሰጡኝ። ከዚያ ላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ማየት፣ ስለ ጎርፉ ፍጥነት ያነበብኩትን ሁሉ በዓይኔ አሳየኝ።

ጽሁፌን ፈታኞች ፊት ባቀረብኩበት ቀን አንድ ፈታኝ የትርጉሙን ትክክለኛነት በምን እንዳረጋገጥኩ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሦስት ቋንቋ ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ተማሪ ሊዘጋጅበት ይገባል። በተጠያቂዎቹ ፈቃድ ከቀዳኋቸው ድምፆች የተወሰኑትን ኦሮምኛና ሶማልኛ ለሚችሉ የክፍል ጓደኞቼ ሰጥቼ፣ የጋሼን ትርጉም ሳያዩ ራሳቸው ወደ አማርኛ እንዲመልሱ አድርጌ ነበር። ሁለቱ ትርጉሞች በሐሳብ አልተለያዩም። ይህን ስናገር አማካሪዬ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

ስለ ክፍያ ልጻፍ፣ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። ጋሼ የሚስማሙት በግማሽ ቀን ነው እንጂ በየጉዞው አይደለም፤ ዋጋውን ዋዜማ ላይ ይቆርጣሉ፣ ቤንዚን ወረፋ ይዟቸው ባረፈዱ ቀን እንኳ በኋላ ላይ ጭማሪ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ በበኩሌ ለትርጉሙ ከትራንስፖርቱ ለይቼ ከፍያለሁ፤ እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ አጥብቄ አሳስባለሁ። ማስተርጎም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ በባጃጅ ሒሳብ ውስጥ ተጠቅልሎ መቅረት የለበትም። በበጀታችሁ ሠንጠረዥ ላይም ለብቻው አስፍሩት፤ አማካሪዎች አይቃወሙም።

ጋሼ፣ እንዲህ በአደባባይ መመስገን እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጽሁፉ አንድ ቅጂ ተጠርዞ ተዘጋጅቷል፣ ራሴ አመጣልዎታለሁ።

በድሬዳዋና በአካባቢዋ የመስክ ጥናት ያላችሁ ተማሪዎችም ሆናችሁ ተመራማሪዎች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። መጠይቃችሁን ቀድማችሁ ላኩላቸው፣ ያለዚያ አይጀምሩም። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሶላት ስላላቸው በዕቅዳችሁ ውስጥ አታስገቡት።