ሸዋ በር ያለችው የጀበና ቡና፦ ያው ዋጋ፣ ያው ሙያ

ደሴ ሸዋ በር፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮብልስቶን በኩል ትንሽ ሄድ ብላችሁ፣ በር ላይ ከሰል የያዘ ፈርኔሎ ካያችሁ ደርሳችኋል። ታፔላ የላትም። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የጭቃ ግድግዳ፣ ሦስት የእንጨት አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ረከቦት፤ በቃ። ደንበኛው ሁሉ ባለቤቷን «እትዬ» ነው የሚላት፤ ቤቷም በዚያው «እትዬ ጋ» ተብላ ቀርታለች። የሚሸጠው አንድ ነገር ነው፣ የጀበና ቡና። ማኪያቶ፣ ጁስ፣ ሻይ ብላችሁ አትልፉ። ዋናው መንገድ ላይ አንድ ማኪያቶ በሚጠጣበት ብር እዚህ ሁለት ሲኒ ከቆሎ ጋር ይጠጣል።

ርካሽ የጀበና ቡና ደሴ ላይ ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ግን ቡናው ወፍጮ ቤት ተፈጭቶ በፌስታል የመጣ፣ ጠዋት ፈልቶ ፔርሙዝ ውስጥ ደንበኛ ሲጠብቅ የዋለ ነው። ይህች ቤት በዚያው ዋጋ የድሮውን ሥራ አንዱንም ሳትዘል ትሠራለች፤ ልዩነቱም ከጥሬው ይጀምራል።

ኤክስፖርት ደረጃ ያሟላ ቡና በአብዛኛው ወደ ውጭ ነው የሚሄደው፤ ወደ ገበያችን የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከደረጃ የወደቀው ነው። ጥቁር ፍሬ፣ የተሰበረ፣ ነቀዝ የበላው፣ አንዳንዴም ጠጠር አብሮ ይመጣል። አንዲት የበሰበሰች ፍሬ ደግሞ ጀበናውን ሙሉ ታበላሻለች። እዚህ ጥሬው ሰፌድ ላይ ይነፋና በእጅ ይለቀማል፤ ለአንድ ኪሎ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ይህን የሚዘሉት ቤቶች ጉድለቱን በማሳረር ይሸፍኑታል። «ወፍራም ቡና» እየተባለ የሚቀርብልን መራራ ነገር ብዙ ጊዜ ወፍራም ሳይሆን ያረረ ነው። አልፎ አልፎ ከሐይቅና ከወረባቡ በኩል የጓሮ ቡና ይገባል። ከመኸሩ በኋላ ባሉት ወራት ከሄዳችሁ «የአገሩ ገብቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ስለማይመጣ ለጠየቀ ነው የሚፈላው።

የተለቀመው በሦስት ውኃ እየታሸ ይታጠባል፤ የመጨረሻው ውኃ ጥርት ካላለ አራተኛ ይጨመራል። ከዚያ በወንፊት ይጠነፈፋል። ሳይጠነፈፍ ምጣድ ላይ የወጣ ቡና ከመቆላቱ በፊት ይቀቀላል፤ ውጪው ሲጠቁር ውስጡ ጥሬ ይቀርና ሲኒው ላይ የሣር ጣዕም ያመጣል። ቁሌቱ በብረት ምጣድ ነው፣ ባንድ ጊዜ ከ200 ግራም አይበልጥም፣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ እያማሰሉ። መንጣጣት ከጀመረ በኋላ ነው ዓይን የሚያስፈልገው። ፍሬው ዳማ ሆኖ ወዙ ሊወጣ ሲል ይነሣል፤ ወዙ ወጥቶ ሲያብረቀርቅ የተነሣ ምጣዱ ራሱ ባለው ሙቀት እያረረ ይቀጥላል። ስለዚህ እትዬ ወዲያው ሰፌድ ላይ ገልብጣ ታናፍሰዋለች፤ ጢሱንም ለተቀመጠው ታዞራለች።

ውቀጣው በሙቀጫና በዘነዘና ነው። ይህን ወግ ለማሳየት የሚደረግ የሚመስለው አለ፤ ምክንያቱ ግን ጀበናው ነው። የወፍጮ ቤት ቡና ብዙ ጊዜ እንደ በርበሬ ይልማል፤ የላመ ዱቄት ደግሞ ቶሎ አይዘቅጥም፣ ሲገነፍልም አንገቱ ላይ ይጋገራል። በሙቀጫ የተወቀጠው ሸካራነት ስለሚቀረው ከታች ይሰክናል። ያለዚያ አተላውን ማኘክ ነው።

አፈላሉ ላይ ደሴ የራሷ ጣጣ አላት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቁልቁል ኮምቦልቻ ሲወረድ ሁለት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ያው ቡና፣ ያው ጀበና ደሴ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እትዬ ዲግሪ አትለካም፤ ግን ሦስት ጊዜ ታወጣዋለች። ውኃው ሲፈላ ዱቄቱ ይገባል፤ አረፋው አንገቱ ጋ ሲደርስ ከእሳቱ ይነሣል፣ ጥቂት ሲኒ ላይ ተቀድቶ ይመለሳል፣ እንደገና ይጣዳል። አንዴ ብቻ አውጥተው የሚቀዱ ቤቶች ቡናቸው መልኩ ጥቁር ሆኖ ጣዕሙ ውኃ ውኃ ይላል። ከሦስተኛው በኋላ ጀበናው ማቶቱ ላይ ዘንበል ብሎ አምስት ደቂቃ ያርፋል። አቀዳዱ አንድ ወጥ ነው፦ አንዴ ካዘነበለች ጀበናውን ቀና ሳታደርግ ከሲኒ ሲኒ ታዞራለች። በየሲኒው መሃል ቀና ዘንበል የሚያደርግ ቀጂ የሰከነውን መልሶ ያናውጠዋል።

ከሰሉ የግራር ነው፣ አመድ የለበሰ ፍም ላይ ነው የሚጣደው። ኤሌክትሪክ በራሱ ነውር የለውም፤ ችግሩ ብዙ ቤት ያለው ምድጃ ሙቀቱ የማይቀነስ መሆኑ ነው። ቡናው በድንገት ይገነፍላል፣ ሸክላውም አንድ ቦታ ብቻ እየጋለ ቂጡ ይሰነጠቃል።

ሂሳቡን የሚጠይቅ ስላለ እናውራው። ባለ አሥር ሲኒው ጀበና 60 ግራም ያህል የተቆላ ቡናና ከ800 ሚሊ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ውኃ ይይዛል፤ ሲኒው 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚያጣ 60 ግራሙ ወደ 75 ግራም ጥሬ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ እንግዲህ 13 ጀበና፣ 130 ሲኒ አቦል ያወጣል። የገበያችሁን የኪሎ ዋጋ ለ130 አካፍሉና የቡናውን ድርሻ ታገኛላችሁ። ስኳሩ በሁለት ትንንሽ ማንኪያ ሲሰላ ኪሎው መቶ ሲኒ ነው። ከሰልና ኪራይ ይጨመራል። ለቃሚዋ፣ ቆይዋ፣ ወቃጯ፣ አፍይዋና ሲኒ አጣቢዋ ግን አንዲት ሴት ናት፤ የሷ ቀን ሂሳቡ ውስጥ የለም። ርካሽነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፣ እውነቱ ይነገር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀና በ2017 የዓለም የቡና ዋጋ ክብረ ወሰን ከሰበረ ወዲህ ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶች ወይ ዋጋ ጨምረዋል፣ ወይ ገብስ ቀላቅለዋል፣ ወይ ዘግተዋል። ገብስ የገባበትን መለየት ቀላል ነው፦ ሲቀዳ ወፍራም ይመስላል፣ ሽታው የቆሎ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይጣፍጣል። እትዬ ዋጋውን ያቆመችው ስኳሩን በራሷ እጅ በመጨመርና ሲኒውን በአንድ ቁጥር አነስ በማድረግ ነው። እኛ በሲኒው ማነስ ቅሬታ የለንም፤ ቡናውን ከማቅጠን ይሻላል።

ስትገቡ ማወቅ የሚገባችሁ፦ ስኳር የማትፈልጉ ከሆነ ከመቀዳቱ በፊት ተናገሩ፤ ስኳሩ ሲኒው ውስጥ ቀድሞ ይቀመጣል፣ ከተቀዳ በኋላ «አፈር ስሆን ቀይሪልኝ» ማለት አንድ ሲኒ ቡና ማስደፋት ነው። ጨው ለሚወዱ አለ፣ የገጠር ሰዎች ብዙ ጊዜ በጨው ይጠጣሉ። ጤና አዳም ሲጠየቅ ብቻ ይሰጣል፤ ቅጠሏን ሲኒው ውስጥ ረዥም ጊዜ አታቆዩ፣ ሌላውን ጣዕም ትውጠዋለች። አቦልና ቶና ይከፈልባቸዋል፤ እስከ መጨረሻው ለተቀመጠ በረካው ነፃ ነው። ቶናው ላይ አዲስ ዱቄት አይጨመርም፣ ውኃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቡና ፍለጋ የመጣችሁ በአቦል ሰዓት ድረሱ፣ ጨዋታ ፍለጋ የመጣችሁ መቼም ብትደርሱ አብሽሩ።

ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 4፣ ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 12 ክፍት ነው። በረመዳን ቀን ዝግ ሆኖ ከአፍጥር በኋላ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ከአቦሉ በፊት ዱዓ ስለሚደረግ ሲኒ ከመቀበላችሁ በፊት ጥቂት መታገሥ ነው። በጾም ቀን የሚቀየር ነገር የለም፣ ወተትም ቅቤም ድሮውኑ የለምና።

ጉድለቷን ሳንናገር ብናልፍ ደግሞ አድልዎ ይሆናል። ጭሱ ይከብዳል፤ አስም ያለበት ሰው በር አጠገብ ያለውን አግዳሚ ይያዝ። መጸዳጃ የለም። ሲኒው የሚታጠበው በጎድጓዳ ሳህን ውኃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ውኃው ሲደፈርስ እንዲቀየር መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ማንም አይቆጣም። ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ አትሂዱ። ከገጠር የገባው ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አምስት ደቂቃዋ ዕረፍት ወደ አንድ ትወርዳለች፣ አተላውም ሲኒ ውስጥ ይገባል።

አዲስ ጀበና የተተካ ሰሞንም ቡናው አፈር አፈር ይላል። ሸክላ ተሰባሪ ነው፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ መተካቱ አይቀርም። እትዬ አዲሱን በአሮጌ አተላና በውኃ ደጋግማ አፍልታ እየደፋች ታሟሸዋለች፤ ቢሆንም ከሸክላው ሽታ እስኪጸዳ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። አንገቱን እዩ፦ ጠቁሮ ካብረቀረቀ ተሟሽቷል፣ ቀላ ብሎ ደረቅ ከሆነ በሌላ ቀን ተመለሱ። ለቤታችሁ የምትገዙም ከሆነ በጣት ጀርባ መታ አድርጋችሁ አድምጡ፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደኅና ነው፣ ታፍኖ የሚሰማው ስንጥቅ አለበት።

ከተማው ውስጥ የቀረው የጀበና ቡና ሁሉ የፕላስቲክ ሣር አንጥፎ ሰንደል ሲለኩስ እዚህ አሁንም ቄጤማና ዕጣን ነው፤ ቄጤማው በክረምት ይረጥባል፣ በበጋ ደግሞ ሲጠፋ ወለሉ ባዶውን ይውላል። አዲስ ነገር ከተባለ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የቴሌብር ቁጥር ነው። ዝርዝር ብር ይዞ መሄድ አሁንም ይመረጣል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ዱቤ መጻፊያ ደብተሩ ተሞልቷል።

ለቢሮ ወይም ለለቅሶ ቤት በፔርሙዝ የሚወስዱ አሉ። ይቻላል፣ ግን አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ንገሯት፤ ለብቻው አንድ ጀበና ይጣዳል። ፔርሙዙን አስቀድማችሁ በፈላ ውኃ አሙቁት፣ ስኳር ውስጡ አታስጨምሩ፣ ከታች ያለውን የመጨረሻ ሲኒ ያህል ጀበናው ውስጥ እንድታስቀረው ንገሯት፤ አተላው ያለው እዚያ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ይመርራል።