ቪዲዮ ሲግናል ያስቸገራችሁ ካላችሁ መርካቶ ያሉትን ጋሼን ላስተዋውቃችሁ

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን ነው። ደግሞም አዲስ አበባ ውስጥ በኤፍፒጂኤም (የውስጡን ሰርኪዩት በኮድ የምንቀርጸው ቺፕ) ሆነ በሌላ ቦርድ ከቪዲዮ ጋር የምትታገሉ ልጆች እንዲህ ያለ ባለሙያ እንዳለ ብታውቁ ብዬ ነው። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። መርካቶ ውስጥ ትንሽ የቲቪና የዴክ መጠገኛ ሱቅ አለቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን የቆዩ የቪኤችኤስ ካሴቶች አሉ። የወላጆቼ ሰርግ፣ የእህቴ ክርስትና፣ አያቴ ስትመርቅ የሚሰማበት አንድ የፋሲካ ቀን። ዴኩ እስካሁን ይሠራል። ከዴኩ ቢጫ ሶኬት የሚወጣውን ሲግናል ተቀብሎ በኤችዲኤምአይ ለዘመኑ ቲቪ የሚሰጥ ነገር በራሴ እጅ ልሥራ አልኩ። ተሠርቶ ያለቀለት መቀየሪያ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ እኔ ግን ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው የፈለግኩት። ቦርዱ ታንግ ናኖ 9ኬ የሚባል የኤፍፒጂኤ ቦርድ ነው። ትንሽ ናት ግን የኤችዲኤምአይ ሶኬት አላት፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ትበቃለች። ከፊቷ ኤዲቪ7180 የሚባል ቺፕ ያለበት ሞጁል አስቀመጥኩ። ቺፑ አናሎጉን ቪዲዮ ወደ ዲጂታል ይቀይርና በ8 የዳታ ሽቦ፣ በ27 ሜጋኸርዝ ክሎክ (ዳታው መቼ እንደሚነበብ በሚነግረው ምት) ለኤፍፒጂኤው ያቀብላል።

ምስል መጣ። ግን ምን ዓይነት ምስል! ጨለም ያለ ቦታ ላይ ደህና ይሆናል፣ እናቴ በነጭ ቬሎ ብቅ ስትል ይበጣጠሳል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ከዚያ ሌላ መላ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይረጫል። ቺፑ ያለበትን ሁኔታ የሚናገርበትን ስታተስ ሬጅስተር ሳነብ አንዴ ፓል (የቪዲዮ ስታንዳርዱ ነው) አግኝቼ ይዣለሁ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ይለቃል። ኮዱ ሲሙሌሽን ላይ ምንም እንከን አልነበረበትም። አንድ ሱቅ ወሰድኩት፤ መለኪያ እንኳን ሳያነሱ «ቺፑ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» አሉኝ። ይሄ በጣም ያናድዳል። ሳይለኩ ፍርድ መስጠት ሰውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ተስፋም ያስጨርሳል።

ጋሼ ጋ የሄድኩት በጓደኛዬ ጥቆማ ነው። ቦርዱን እንኳን ሳይነኩ መጀመሪያ ጠየቁኝ። «ከምን ላይ ነው የምትወስደው? በሌላ ምንጭ ሞክረኸዋል? ኬብሉስ የማን ነው?» ከዚያ የቀለም ባር ያለበትን ዲስክ በራሳቸው ዲቪዲ ማጫወቻ ከፍተው፣ በራሳቸው ኬብል ከሞጁሉ ጋር አገናኙት። ያው በሽታ። «እንግዲህ ዴክህም ኬብልህም ነፃ ወጡ» አሉ። እኔ ይህን አሠራር በጣም ወደድኩት፤ ሌላው ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጠረጥራል፣ እሳቸው ግን አንድ በአንድ እያሰናበቱ ነው የሚሄዱት።

ቀጥሎ ሲግናሉን በስክሪን ስሎ የሚያሳየው መለኪያ፣ ኦሲሎስኮፑ መጣ። ኮምፖዚት ቪዲዮ፣ ማለትም በቢጫው ሶኬት የሚወጣው፣ በ75 ኦም ሲጫን (በተቀባዩ በኩል 75 ኦም ሪዚስተር ሲኖር) ከታች እስከ ላይ 1 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። 0.3 ቮልቱ ወደ ታች የሚወርደው ሲንክ (መስመሩ የት እንደሚጀምር የሚናገረው ምት) ነው፣ 0.7 ቮልቱ ወደ ላይ የሚወጣው ምስሉ። ስክሪኑ ላይ የታየው ግን ወደ 2 ቮልት የተጠጋ ነው። ጋሼ ገና እንዳዩት «ይሄ ጭነት አጥቷል፣ 75ቱ የለም» አሉ። የሞጁሉን መግቢያ አብረን አየነው። እዚያ ላይ 36 እና 39 ኦም ሪዚስተሮች ተከታትለው ወደ ግራውንድ ይወርዳሉ፤ ሲደመሩ 75 ይሆናሉ፣ ቺፑ ደግሞ ከመሃላቸው የሲግናሉን ግማሽ ያህል ይወስዳል። አብራቸው የምትሠራ ወጣት ልጅ አለች፤ በማጉያ መነጽር እያየች የ39ኙ የግራውንድ እግር ሶልደሩ እንዳልያዘ ያገኘችው እሷ ናት። በዓይን ሲያዩት የተሶለደረ ይመስላል። ውስጡን ግን አልነካም። ያ እግር ሲለቅ ሲግናሉን የሚጭን ነገር አይኖርም፣ የሚካፈልበትም የለም፣ እጥፍ የሆነው ቮልቴጅ እንዳለ ቺፑ ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው ነጭ ነገር ሲመጣ የሚብሰው፤ ነጭ ማለት ሲግናሉ ከፍ የሚልበት ቦታ ነው። ልጅቷ በካውያዋ አንድ ጊዜ ነክታ ለቀቀችው። ቺፑ ሲግናሉን ያዘ፣ በዚያው ጸና።

ነጠብጣቡ ግን አልጠፋም። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ «ምስሉ መጥቶልሃል፣ ሂድ» ብሎ ይሸኝ ነበር። ጋሼ የኦሲሎስኮፑን መንኪያ፣ ፕሮቡን፣ ወደ ክሎኩ ወሰዱት። ከሞጁሉ ወደ ቦርዱ የሚሄዱት ጃምፐር ሽቦዎች ረጃጅም ናቸው፣ ለሁሉም ያለው ግራውንድ አንድ ብቻ ነው፤ ክሎኩ ጠርዙ ላይ እየተወዛወዘ ኤፍፒጂኤው ዳታውን ያለ ሰዓቱ ያነብ ነበር። «27 ሜጋ እኮ ነው ልጄ፣ የአምፖል ገመድ አይደለም» አሉኝ። ሽቦዎቹን አሳጠርን፣ ከክሎኩ ጎን ለጎን ሌላ ግራውንድ አስኬድን፣ ክሎኩ ከቺፑ በሚወጣበት በኩል 33 ኦም በተከታታይ አስገባን። ነጠብጣቡ ጠፋ።

ወደ ዴኩ ስንመለስ ደግሞ ምስሉ ጫፉ አካባቢ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይዘላል። ዲቪዲው ላይ ይህ የለም። የጋሼን ዕውቀት ያየሁት እዚህ ጋ ነው፤ ወረቀት አውጥተው ድራሙን፣ ካሴቱን የሚያነበውን የዴኩን ተሽከርካሪ ሲሊንደር፣ ሳሉልኝ። በፓል ድራሙ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል፣ ላዩ ላይ ያሉት ሁለት ሄዶች (ማንበቢያዎች) ተራ በተራ አንድ አንድ ፊልድ (የአንድ ሙሉ ምስል ግማሽ መስመሮች) ያነባሉ፣ አንዱ ለሌላው ሲያስረክብ የመስመሩ ርዝመት ይዛነፋል። ላስቲክም ሞተርም ያለበት ነገር ነው። «64 ማይክሮ ሰከንድ ብለህ ከዴክ አትጠብቅ፣ ሲንኩን ተከተል» አሉ። 64ቱ በፓል የአንድ መስመር ርዝመት ነው። የኔ ኮድ መስመሩን 1728 የክሎክ ምት እያለ የሚቆጥር ነበር፤ ለፓል ትክክለኛው ቁጥር ነው፣ ለዲቪዲም ይሠራል። ቺፑ በሚጠቀመው ቢቲ.656 በሚባል የዲጂታል ቪዲዮ ማስተላለፊያ አሠራር ግን እያንዳንዱ መስመር ሲጀምርና ሲያልቅ ኤፍኤፍ 00 00 የሚል ምልክት ይመጣል፣ ተከትሎም ፊልዱን የሚናገር አንድ ባይት። ቤት ገብቼ ቆጠራውን አውጥቼ ምልክቱን እንዲከተል አደረግኩት። ሰርጉ ከዳር እስከ ዳር ሳይዘል ታየ፣ እናቴም አጠገቤ ቁጭ ብላ እየጠቆመች ስም ስትጠራ አመሸች።

ጋሼ ቬሪሎግ፣ የኤፍፒጂኤ ኮድ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ አያውቁም። የሚያውቁት ሲግናል ነው። እኛ የኮድ ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎደለን እሱ ነው፤ ሞጁሉ ከተሰካ በኋላ ያለው ሁሉ ኮድ ይመስለናል። እሳቸው ፕሮቡን ለእናንተ ያስይዛሉ፣ ለምን እዚያ እንደሚለካ ይነግራሉ፣ የተለካውን በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ። ጊዜያቸውን ሁሉ ሰጥተውኝ ሊያስከፍሉኝ የፈለጉት የሶልደሩን ብቻ ነበር። አይሆንም ብዬ በግድ ጨመርኩ። እባካችሁ እናንተም ዝም ብላችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ አትውጡ፣ የዕውቀታቸውን ክፈሉ።

ጋሼም፣ አብራቸው የምትሠራው እህታችንም፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። የአያቴን ድምፅ ለልጆቻችን አትርፋችሁልናል።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ቅዳሜ ሱቋ ትጨናነቃለች፣ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። የሞባይል ስክሪን አይሠሩም፣ ኮድም አያዩም። የሰርኪዩታችሁን ስዕል፣ የራሳችሁን ፓወር ሰፕላይና የምትጠቀሙበትን የቪዲዮ ምንጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዴክ ከሆነ ከባድ ቢሆንም ራሱን ተሸከሙት፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።