የድሮውን ፋይል ሳያዩ አዲስ ጨረር ለማይጀምሩት፣ ከልብ እናመሰግናለን

የምላስ ካንሰር ታክሞ ሲያገረሽ፣ ያው ቦታ ላይ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ኢላማ ጨረር ይሰጥ ወይስ ይቅር የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ ለሐኪሙ ይሄዳል፣ ይገባዋልም። እኛ ግን ዛሬ የምናመሰግነው ታካሚው ፊታቸውን እንኳ የማያያቸውን የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ነው።

ቦታው በመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 70 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ወስዷል። ቁስሉ ቢድንም የመንጋጋ አጥንቱ፣ ካሮቲድ የሚባለው ትልቁ የአንገት ደም ቧንቧና ህብለ ሰረሰሩ ከዜሮ አይጀምሩም። እነዚህ ባለሙያዎች ታዲያ «70 ግሬይ በ35 ጊዜ» የሚል ደብዳቤ ብቻ ይዘው ሥራ አይጀምሩም፤ ደብዳቤው ምን ያህል እንደተሰጠ እንጂ የት እንዳረፈ አይናገርማ። የሚጠይቁት የዳይኮም ፋይሉን (የሕክምና ምስልና ዕቅድ በኮምፒውተር የሚቀመጥበትን) ነው፦ ሲቲ ስካኑ፣ የአካላት ወሰን የተሰመረበት፣ ዕቅዱ፣ የመጠን ስርጭቱ። ስርጭቱ ከጎደለ የቀረው ብዙም አይረዳም።

ከዚያ የድሮውን ሲቲ በአዲሱ ላይ ያነባብሩታል። ቀዶ ሕክምናው ምላሱን ቀይሮታል፣ ሰውየው ከስቷል፣ አንገቱም እንደ በፊቱ አልታጠፈም። ኮምፒውተሩ «ገጥሟል» ቢልም እነሱ የመንጋጋውን ጠርዝ በየምስሉ እየተከተሉ ያጣራሉ። ድምሩም ቀላል አይደለም። በሁለተኛው ዙር በ5 ጊዜ የሚሰጥ 40 ግሬይ ዘግይቶ ለሚመጣ ጉዳት ሲሰላ (አልፋ ቤታ የሚባለው፣ አካሉ በአንዴ ለሚሰጥ ትልቅ መጠን ያለውን ስሱነት የሚያሳየው ቁጥር 3 ተይዞ) በ2 በ2 ግሬይ ከተሰጠ 88 ግሬይ ጋር ይስተካከላል። የመጀመሪያውን 70 ጨምሮ ሁለቱንም ዙር ሙሉ በሙሉ የወሰደ ሥጋ 110 ሳይሆን 158 ሆነበት ማለት ነው። አጥንት የሚሞተውና የደም ቧንቧ የሚፈነዳው እዚህ ስሌት ላይ ሲሳሳቱ ነው፤ ስሌቱ ልክ ሆኖም አደጋው ጨርሶ አይጠፋም።

በጨረሩ ጊዜ ጭንቅላት እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘውን ጭምብል የሚቀርጹትንም ሳናመሰግን አናልፍም። ፕላስቲኩን በሞቀ ውሃ አለስልሰው ፊት ላይ ከመጫናቸው በፊት አፍ ምን ያህል እንደሚከፈት ይለካሉ፤ ከ35 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ምላስን የሚይዘው መንከሻ በቀላሉ አይገባም። መንከሻ ከሌለ ደግሞ አንድ ምራቅ መዋጥ ብቻ ዕጢውን ከኢላማው ሊያወጣው ይችላል። ጭምብሉ ጉንጭ ላይ ከላላ አጥብቀው አይታገሉም፤ አዲስ ሠርተው ሲቲውንም ይደግማሉ።

የምንጠቁማችሁ እንዲህ የሚሠራ ክፍል ነው። ጥሩው ክፍል መጀመሪያ ካንሰሩ መመለሱን በናሙና ያረጋግጣል፣ የጨረር ጠባሳ ዕጢ ሊመስል ይችላልና። ቀዶ ሕክምና የሚቻል ከሆነ እሱን ያስቀድማል። ከመጀመሪያው ጨረር 6 ወር ካልሞላ ያመነታል። ዕጢው ካሮቲዱን ከግማሽ በላይ ከከበበው የደም መፍሰሱን ስጋት ሳይሸፋፍን ይነግራችኋል፤ ከጀመረም በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየዘለለ ይሰጣል። «ይህ ይቅር» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን አስረዱን በሉ እንጂ አትቀየሙ።

የመጀመሪያውን ሕክምና የጨረሳችሁ ደግሞ፣ ባያገረሽም እንኳ፣ ከላይ ያልናቸውን አራቱን ፋይሎች (ሲቲውን፣ የአካላት ወሰኑን፣ ዕቅዱንና የመጠን ስርጭቱን) በሲዲ አስገልብጣችሁ ቤት አስቀምጡ።