ደብረ ብርሃን ላይ የፈሳሽ ሳሙና ስልጠና ወሰድኩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሳሙና ኬሚካል የምትሸጥ ትንሽ ሱቅ አለች። ከጀርባዋ ባለችው ክፍል ደግሞ የሁለት ቀን የፈሳሽ ሳሙና አሰራር ስልጠና ይሰጣል። ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ። ሂዱ ነው የምለው፣ ግን አንድ በጣም ያልወደድኩት ነገር አለ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

የሄድኩበት ምክንያት የእናቴ ባና ነው። ከአያቴ የወረሰችው የመንዝ ባና፣ ማለትም ከበግ ፀጉር የተሠራ ብርድ ልብስ፣ ነበራት። ዓምና እድፉ አልለቅ ሲለኝ በሃይላንድ የገዛሁትን በረኪና አፈሰስኩበት፣ ነጠላ ያነጣ የለ ብዬ። መሃሉ ቢጫ ሆነና ስጎትተው እንደ ራሰ ወረቀት ተበጠሰ። እናቴ ምንም አላለችኝም። አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

አሰልጣኙ ድሮ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩ መምህር ናቸው። ፎርሙላ በመጻፍ አልጀመሩም። ሁለት ብርጭቆ ላይ በረኪና ቀዱና አንዱ ውስጥ የጥጥ ፈትል፣ ሌላው ውስጥ የበግ ፀጉር ከተቱ። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ፈትሉ እንዳለ ነው፣ ፀጉሩ ግን አረፋ እያወጣ ይሟሟል። «ጥጥ ከተክል ነው፣ ሴሉሎስ ይባላል። የበግ ፀጉር ግን እንደ እናንተ ፀጉርና ጥፍር ፕሮቲን ነው። በረኪና ደግሞ ፕሮቲን ይበላል» አሉን። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ተወልጄ አድጌ ይህን አላውቅም ነበር። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚለውን ስም ለፈተና ሸምድጄዋለሁ እኮ፣ ቤታችን ሽንት ቤት በር ላይ የተቀመጠው በረኪና እሱ መሆኑን ግን የነገረኝ የለም። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ እንደሚያወጣም እዚያው ነው የሰማሁት። ይሄን ለቤታችሁ ሰው ሁሉ ንገሩ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሳሙናው ገባን። የሳሙናው ዋና ኬሚካል ሰልፎኒክ አሲድ ብቻውን ቆዳ ያቃጥላል። ኮስቲክ ሶዳም ያቃጥላል። በልክ ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ጉልበት ይሰብረውና ቅባት የሚያነሳው ነገር ይወጣል። ለ1 ኪሎ አሲድ 120 ግራም ገደማ ሶዳ ይበቃል፣ ከዚያ አሲድነቱን በሚያሳይ ፒኤች ወረቀት እያዩ ወደ 7፣ ማለትም አሲዱም ሶዳውም ወዳልበዛበት፣ ማድረስ ነው። ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳ አታፍሱም፣ ሙቀቱ በአንዴ ይወጣና ፊት ላይ ይረጫል። በዚያ ብርድ ባልዲው እጅ ያሞቅ ነበር። የሚያወፍረው የምንበላው ጨው ነው፣ ካበዛችሁት ደግሞ መልሶ ይቀጥናል፣ የኔ እንደዛ ሆኖ ነበር። ሌሊት ብርድ ሲመታው ቢደፈርስም አትደንግጡ፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይጠራል።

አንዲት እናት «እንዶድስ?» ብለው ጠየቁ፣ መምህሩም ደስ ብሏቸው መለሱ። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው አሉ፣ ሥራው ላርጎው ከሚሠራው ይመሳሰላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትን፣ ከዚያም ነገሩ በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ ወደ መከላከል የሄደበትን ታሪክ ነገሩን። ክፍሉ ጸጥ አለ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሱቋ ውስጥ ኮስቲክ ሶዳው የሚሸጠው ምንም ባልተጻፈበት ፌስታል ነው። ነጭ ነው፣ ጨው ይመስላል። መምህሩ ለገዢው በቃል ያስጠነቅቃሉ፣ ቤት ያለው ልጅ ግን ያንን አልሰማም። እኔ ባና ያጣሁት ስለዚህ ጉዳይ ምንም ያልተጻፈበት ሃይላንድ ገዝቼ ነው፣ ስለዚህ ዝም ብዬ መውጣት አልቻልኩም። ስነግራቸው አልተቆጡም፣ «ልክ ነሽ፣ እንለጥፋለን» አሉኝ። በነጋታው አንድ ጓደኛዬ ሄዳ ስትገዛ ግን ያው ባዶ ፌስታል ነበር። እስኪለጥፉ ድረስ ማርከር ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ባንኮኒው ላይ ጻፉበት። ጓንትም ያዙ፣ እነሱ ጋ ያለው ለሁሉም አይደርስም።