ሽሮ ስንገዛ ቅቤ የሚጠቁመን ፕለጊን፦ ከአንድ ዓመት በኋላ የታዘብኩት

በ2017 ሁዳዴ የገባው የካቲት 17 ነበር። በማግስቱ ጠዋት የቆዩ ደንበኛችን ስልክ ደወሉ። ስድስት ኪሎ ነው የሚኖሩት። የልጅ ልጃቸው ገጻችንን ከፍታላቸው ምጥን ሽሮ ሊያዙ ነው።

«ልጄ፣ ምን ሆናችሁ? ሽሮዬን ስመርጥ ንጥር ቅቤም ይጨምሩ ይለኛል። በሁዳዴ!»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮምፒውተሩ ነው እንዲህ ያለው» አልኳቸው። እሳቸው ግን የሚያውቁት እኔን ነው፤ ኮምፒውተሩን አያውቁትም። በጣም አፈርኩ።

ሱቃችን ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ያለች ትንሽ ባልትና ቤት ናት። ድረ ገጹ በዉኮሜርስ፣ ማለትም የኢንተርኔት ሱቅ መሥሪያ በሆነ ፕሮግራም ነው የተሠራው። የሠራልን ልጅ ለገዢው ዕቃ የሚጠቁም ፕለጊን፣ ማለትም በላዩ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ገጠመልን። የፕለጊኑን ስም ትቼዋለሁ፤ የምጽፈው ሌላ ፕለጊን ለምትገዙም እንዲጠቅም ነው።

መጀመሪያ ቅቤው ከየት መጣ? ፕለጊኑ የድሮ ትዕዛዞችን እያየ አብረው የተገዙ ዕቃዎችን ያጣምራል። አማዞን ያስለመደን «ይህን የገዙ ይህንንም ገዝተዋል» የሚባለው ነው። የእኛ ትልልቅ ትዕዛዞች የሚመጡት ደግሞ እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ሲደርስ ነው። ያኔ ሰው በርበሬ፣ ሽሮ፣ መከለሻና ቅቤ ባንድ ላይ ይወስዳል። ስለዚህ ቅቤ ከሁሉም ነገር ጋር ተጣበቀ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ጾም መግባቱን ግን አያውቅም።

ፕለጊኑን ያልጣልኩት «ሩልስ» በሚለው ገጹ ምክንያት ነው። እዚያ ለጥቆማው ሕግ ታወጡለታላችሁ። አንድ ዕቃ ሁልጊዜ ከላይ እንዲቀመጥ፣ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል፣ ወይም ጨርሶ እንዳይታይ ታደርጋላችሁ። ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ዕቃ ሥር የሚለውንም ትሞላላችሁ። ያለቀ ዕቃ እንዳይጠቁም ማድረግ አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ከሁሉ በፊት እሱን አድርጉ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ በጾም ቅቤን መደበቅ ነበር። ደግነቱ ቆም ብዬ አሰብኩ። ደንበኞቻችን ሁሉ ኦርቶዶክስ አይደሉም። ዘንድሮ (2018) ደግሞ ሁዳዴ የካቲት 9 ሲገባ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። ለአፍጥር ሾርባ አጃ የምትገዛ እናት ቅቤም ትፈልጋለች። ለእሷ ቅቤውን መደበቅ ነውር ነው። ስለዚህ ሕጉን አጠበብኩት። «ጾም» የሚል መለያ ባላቸው ዕቃዎች ሥር ብቻ ቅቤ ወደ ታች ይወርዳል፤ በቦታው ተልባ፣ ኑግና ሱፍ ይመጣሉ። በአጃው ሥር ቅቤ እንደነበረ ይቆያል። ፈልጎ ለሚመጣም ይገኛል።

የካቲት 9 ጠዋት በስልኬ ከፈትኩ። ምጥን ሽሮ ሥር ተልባ መጥቷል። ደስ አለኝ። ነጭ ሽሮን ነካሁ፤ ቅቤ! ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ለካ እኔ መለያውን ስጽፍ «ጾም» ብዬ ነው፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደግሞ «ፆም» ብላ ነው። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለፕለጊኑ ሁለት። በአማርኛ መለያ የምትጽፉ፣ ከመጀመሪያው አንዱን ፊደል ምረጡና በእሱ ጽኑ።

ዋናው ድካም ግን ያለው ቀኑ ላይ ነው። ፕለጊኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ነው። የካቲት 9ን ፌብሩዋሪ 16 ብዬ ነው የሞላሁት፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይለወጣል። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7 ስለማይነቃነቅ አንዴ ሞልቼ ተገላገልኩ። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ራሱን እንዲደግም ማድረግ ይቻላል። እሱን ሞልቼ ጨረስኩ ስል የዘንድሮ ገና ረቡዕ ላይ ዋለ! ገና ረቡዕ ሲውል አይጾምም። የእኔ ሕግ ግን በገና ጠዋት ቅቤን ወደ ታች አወረደው። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳም ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ሕጉን በእጅ ማጥፋት ያስፈልጋል።

አንድ ስህተት ደግሞ የራሴ ነው። ለገና የጾሙን ሕግ እስከ ዋዜማው ድረስ ሞላሁት። ሰው የበዓል ቅቤ የሚገዛው ግን ጾሙ ሳይፈታ ነው። ገበያው የሚደራበትን ሳምንት ራሴ ዘጋሁት። ለፋሲካ ተማርኩ። ሕጉን በሆሳዕና፣ መጋቢት 27 አቆምኩት። በሰሙነ ሕማማት ቅቤው ከበርበሬው ጋር ተመልሶ ታየ፤ ማንም ቅር አላለው።

ታዲያ ይጠቅማል ወይ? በጣም። ተልባ ድሮ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነበር። ዘንድሮ በሁዳዴ ሁለት ጊዜ አልቆብን ሁለት ጊዜ ቆልተን ፈጨን። አዲስ ያስገባነው የሱፍ ዱቄትም እንዲሁ ነው። ማንም ገዝቶት ስለማያውቅ ፕለጊኑ በራሱ አይጠቁመውም ነበር፤ ከፍ ስላደረግነው ሰው አየው።

ጉድለቱ ክፍያው በዶላር መሆኑ ነው። ዱባይ ያለችው እህቴ ናት በካርዷ የምትከፍልልኝ። መመሪያው በሙሉ እንግሊዝኛ ነው።

ዕቃችሁ ሃያ ሠላሳ ከሆነ ገንዘብ አታውጡ። ዉኮሜርስ ራሱ በነጻ በየዕቃው ላይ የሚጠቆሙ ዕቃዎች የሚሞሉባቸው «አፕሴል» እና «ክሮስ-ሴል» የሚሉ ሁለት ቦታዎች አሉት። የመጀመሪያው በዕቃው ገጽ፣ ሁለተኛው በቅርጫቱ ገጽ ላይ ይታያል። በእጅ ነው የሚሞላው፤ ቀን አያውቅም፣ ግን በሁዳዴ ዋዜማ አንድ ማታ ቁጭ ብሎ መቀየር ይቻላል። የእኛ ዕቃ ከመቶ በላይ ስለሆነ ነው ያልቻልኩት።

አዲስ አበባ ውስጥ ፕሮግራም የምትሠሩ ልጆች ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሁዳዴና የፋሲካ ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ ራሱ ሒሳብ ነው፤ ለኮምፒውተር አይከብድም። ጾሙን፣ በዓሉንና በዓለ ሃምሳውን አውቆ ሕጉን የሚያበራና የሚያጠፋ ፕለጊን ሥሩልን። እኔ ለእናንተ በብር ለመክፈል ዝግጁ ነኝ።