ቶዮታ 4ኤ-ጂኢ ለውድድር፦ የውስጥ ዕቃዎቹ ከ9 ወር በኋላ

የሚገመገመው ባለ 16 ቫልቭ 4ኤ-ጂኢ ሞተር ነው። ኮሎው (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) እና ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) የፋብሪካ ናቸው። የተቀየሩት የቢየላ ብሎን (ኤአርፒ ከሚባለው አምራች)፣ ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን፣ ባለ ሦስት ንብርብር ብሮንዚና (በቢየላውና በኮሎው መካከል የሚገባው ስስ ማንሸራተቻ) እና የዘይት መከለያ የተበየደበት ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ናቸው። ሞተሩ 9 ወር ከተነዳ በኋላ ተከፍቶ ታይቷል። ዋጋቸውን በእጥፍ የመለሱት ብሎኑና ኮፓው ናቸው፤ ከሁሉ ውድ የነበረው ፒስተን ግን ለዚህ ኃይል የግድ አልነበረም።

ዕቃ ከማዘዝ በፊት ብሎኩን መለየት ያስፈልጋል። የቀደመው ብሎክ 3 ማጠናከሪያ መስመር፣ የኋለኛው 7 አለው። በቀደመው የኮሎው የቢየላ መቀመጫ 40 ሚሊሜትር፣ ስፒኖቶው (ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው ፒን) 18 ነው፤ በኋለኛው 42 እና 20። ለረጅም ውድድር ባለ 7 መስመሩ ይመረጣል። የአንዱ ቢየላ ለሌላው አይሆንም፣ ሻጭ «ያው ነው» ቢልም በካሊፐር ሳይለኩ መክፈል አይገባም።

አሁን ወደ ብሎኑ። ቢየላን በብዛት የሚገድለው የፍንዳታው ግፊት ሳይሆን መጎተቱ ነው። ፒስተኑ በጭስ ማስወጫው ምት ላይ አናት ሲደርስ ከላይ የሚገፋው ጋዝ የለም፤ የፒስተኑን፣ የፋሻውንና (የፒስተኑ ቀለበት) የስፒኖቶውን ክብደት ወደ ታች የሚመልሱት ሁለቱ ብሎኖች ናቸው። ጭነቱ ከዙሩ ስኩዌር ጋር ያድጋል፦ በደቂቃ ከ7500 ወደ 8000 ዙር ሲወጣ ዙሩ 7 በመቶ ገደማ ሲጨምር ጭነቱ 14 በመቶ ይጨምራል። ከፍታም አያድንም። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ኃይል ያጣል፤ ብሎኑ የሚሸከመው መጎተት ግን ባሕር ጠለል ላይ ካለው አይቀንስም። «እዚህ ኃይሉ ትንሽ ነው፣ የድሮው ብሎን ይበቃል» የሚለው አነጋገር ሞተር ያስበላል።

አዲስ ብሎን ሲገባ የቢየላው ቀዳዳ ክብነት ይቀየራል፤ ስለዚህ በአዲሱ ብሎን ታስሮ በማሽን ቤት ወደ ልኩ መመለስ አለበት። ይህ ሲዘለል ብሮንዚናው በአንድ ጎን ብቻ ይበላል። ማሰሪያው ላይ ከቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል ከሚለካው ቁልፍ) ይልቅ የብሎኑን መርዘም በማይክሮሜትር መለካት ይታመናል፤ ክሩ ላይ ያለው ቅባት ትንሽ ሲለያይ ቶርኩ ያው ሆኖ ውጥረቱ ይለያያልና። የእያንዳንዱ ብሎን ነጻ ርዝመት ከመጀመሪያው በወረቀት ተጽፎ ነበር፤ ሲፈታ ሁሉም ወደ ልካቸው ተመልሰዋል። ከመነሻው 0.025 ሚሊሜትር የረዘመ ብሎን ቢገኝ ይጣላል።

ብሮንዚናው ላይ የተሰጠው ክፍተት 0.05 ሚሊሜትር ነበር። ሲከፈት የላይኛው ንብርብር ደብዝዟል፣ ከስሩ ያለው መዳብ ግን አልታየም። ለዚህ የሚመሰገነው ኮፓው ነው። በረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ መምጠጫው አየር ይስባል፣ ከዚያ በኋላ ብሮንዚና የሚቆየው በሰከንድ ነው። መከለያው በመምጠጫው ዙሪያ ሳጥን ሆኖ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ በሮች አሉት። ጉድለቱ ብየዳው ነበር፦ አንድ ጥግ ላይ ስንጥቅ ታየ። ከመግጠም በፊት ኮፓውን በቤንዚን ሞልቶ ማሳደር ለፍሳሽ ይጠቅማል፣ የውስጥ መከለያን ስንጥቅ ግን አያሳይም፤ እሱን በቀለም መፈተሽ ያስፈልጋል።

ፒስተኑ 2618 የሚባለው የአሉሚኒየም ውህድ ነው። ጠንካራ ነው፣ ሲሞቅ ግን 4032 ከሚባለው ሌላ የፒስተን ውህድ ይበልጥ ስለሚሰፋ ሰፊ ክፍተት ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ያንኳኳል፣ ሲሞቅ ዝም ይላል። ዘጠኝ ወር ሲቆይ ቀሚሱ (የፒስተኑ የታችኛው ጎን) ላይ የመፋቅ ምልክት ጥሏል። ቱርቦ ለሌለው፣ ከ8000 ዙር ለማያልፍ ሞተር 4032 ይሻል ነበር። የላይኛው ፋሻ አፍ (በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት) 0.36 ሚሊሜትር እንዲሆን ተሞርዷል፤ ይህ ለ81 ሚሊሜትር ሲሊንደር ጥሩ ነው። ጠበብ ቢል በሙቀት ጫፍ ለጫፍ ይገናኛል፣ ከዚያ የፒስተኑን ጠርዝ ይሰብራል።

ኮሎው ፎርጅድ ነው፣ ተለክቶ ብቻ ተመለሰ። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)ም አልፈሰሰም።

አልበሮው (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በዚህ ሞተር የቫልቭ ማስተካከያ ሺሙ (ክፍተቱን የሚያስተካክለው ክብ ብረት) ከባልዲው (ቫልቩን ከሚገፋው ኩባያ) በላይ ይቀመጣል። ቫልቩን ከ8 ሚሊሜትር በላይ የሚያነሳ አልበሮ ሲገባ የአልበሮው አፍንጫ የሺሙን ጠርዝ ያገኘውና ያስፈነጥረዋል፣ ከዚያ ቫልቭም ባልዲም ይሄዳል። ከፍ ያለ አልበሮ የሚፈልግ ሺሙ ከስር የሚገባበትን ባልዲ አብሮ ይግዛ። በዚህኛው ሞተር የፋብሪካው አልበሮ ነበር፤ የመግቢያው ክፍተት በ0.15 እና 0.25፣ የመውጫው በ0.20 እና 0.30 ሚሊሜትር መካከል ተገኝቷል፣ አንድም ሺም አልተቀየረም።